እታለም ድረ ገጽ ያስፈልጋታል ወይ?

ታላቅ እኅቴ በደብረ ማርቆስ ባልትና ቤት አላት። ከቡሬና ከጃቢ ጠህናን የሚመጣውን ዛላ በርበሬ በኩንታል ትገዛለች፤ ከሦስት ሴቶች ጋር ሆና ትቀነጥሳለች፣ ትደልዛለች፣ ፀሐይ ላይ ታሰጣለች፤ ኮረሪማውንና ጥቁር አዝሙዱን ራሷ አምሳ ከበርበሬው ጋር ወደ ወፍጮ ቤት ትወስዳለች። ሽሮ፣ ሚጥሚጣ፣ በሶና ድርቆሽም ታዘጋጃለች። ከእኔ በስምንት ዓመት ስለምትበልጥ በስሟ ጠርቻት አላውቅም፤ ለእኔ እታለም ናት። የምኖረው ባሕር ዳር ነው፤ ሥራዬ ከኮምፒውተር ጋር ስለሆነ በቤተሰባችን ዘንድ ስልክንና ኢንተርኔትን የሚነካ ጉዳይ ሁሉ ዞሮ ዞሮ ወደ እኔ ይመጣል። በ2011 ዓ.ም. የፋሲካ ሰሞን እታለም «ለዚች ቤት ዌብሳይት ያስፈልጋታል ይሉኛል፤ አንተ ምን ትላለህ?» ብላ ስትጠይቀኝ፣ ሳላመነታ «አዎ» አልኋት። መልሱ ስሕተት ነበር። ስሕተትነቱን ለመረዳትና ትክክለኛውን መልስ ለማግኘት ስድስት ዓመት ያህል ወስዶብኛል፤ አሁን ተመሳሳይ ጥያቄ ከልብስ ሰፊም፣ ከምግብ ቤት ባለቤትም፣ ከማር ነጋዴም ስለሚቀርብልኝ የሄድንበትን መንገድ በዝርዝር መጻፍ እወዳለሁ።

የመጀመሪያውን ድረ ገጽ የሠራልን አንድ አዲስ አበባ የሚገኝ ባለሙያ ነበር። ገንዘቡን ተቀበለ፣ በወሩ ሥራውን አስረከበ፤ ገጹም ለዐይን ያምር ነበር። ከላይ ትልቅ የሚንቀሳቀስ ሥዕል፣ ከሥሩ «ራእያችን»፣ «ተልእኳችን»፣ «እሴቶቻችን» የሚሉ ርእሶች፣ በመጨረሻም «መልእክት ይላኩልን» የሚል ቅጽ ነበረው። የበርበሬው ዋጋ የለም። ቅመሙ ምን ምን እንደሆነ የሚናገር አንድም ዐረፍተ ነገር የለም። ስልክ ቁጥሩ በገጹ ግርጌ፣ በጥቃቅን ፊደል፣ ከጀርባው ካለው ቀለም ጋር ተመሳስሎ ተጽፏል። በቅጹ የሚላከው መልእክት ደግሞ የሚደርሰው እታለም ከፍታው ወደማታውቀው የኢሜይል ሣጥን ነበር። ከሁለት ዓመት በኋላ ሣጥኑን ስከፍተው፣ ከብዙ የማይረባ ማስታወቂያ መካከል ከአንዲት በጀርመን የምትኖር ሴት የተላከ ጥያቄ አገኘሁ፤ ለሠርግ የሚሆን 15 ኪሎ በርበሬ ፈልጋ ነበር። ሠርጉ ካለፈ ወራት ተቈጥረዋል። ያንን መልእክት ለእታለም ሳነብላት ዝም ብላ አዳመጠችኝና «እንደ ናቅናት ቈጥራለቻ» አለች። የቆጫት የገንዘቡ መቅረት ሳይሆን ሰው ደጇ ቆሞ ሳይመለስለት መሄዱ ነበር።

የባሰው ነገር የታወቀው በ2013 ዓ.ም. ነው። የድረ ገጹ አድራሻ የተመዘገበው በእታለም ስም ሳይሆን በባለሙያው ስም መሆኑን አላወቅንም ነበር። ሰውዬው ሥራ ቀይሮ ስልኩን ዘጋ፤ የዓመቱ ክፍያ አለፈ፤ አድራሻው ክፍት ሆኖ ሌላ ሰው ገዛው። ከዚያ በኋላ አንድ የአክስታችን ልጅ ከውጭ አገር ደውሎ የእኅቴን ባልትና ስም ስልኩ ላይ ሲጽፍ የቁማር ማስታወቂያ እንደሚወጣበት ነገረን። እታለም ስሟን በአደባባይ የተሰደበች ያህል ተሰማት፤ እኔም በምክሬ የመጣ ስለሆነ ለብዙ ጊዜ ኀዘኑ አልለቀቀኝም። ለዚህ ነው ዛሬ ማንም ስለ ድረ ገጽ ቢጠይቀኝ፣ ስለ መልኩና ስለ ዋጋው ከመናገሬ በፊት «አድራሻው በማን ስም፣ በማን ኢሜይልና በማን ስልክ ነው የሚመዘገበው?» የምለው። የሱቅ ውል በሌላ ሰው ስም አይፈረምም፤ የድረ ገጽ አድራሻም እንዲሁ ነው።

ሆኖም ጥፋቱን ሁሉ በባለሙያው ላይ ብንጭን ራሳችንን እናታልላለን። የመጀመሪያውን ስሕተት የሠራነው እኛ ነን። ከሰውዬው ጋር በተነጋገርንባቸው ቀናት ሁሉ የጠየቅነው ገጹ ምን ይመስላል፣ ቀለሙ ምን ይሁን፣ መቼ ያልቃል የሚለውን ነበር። ማን ይከፍተዋል፣ የሚከፍተውስ ሰው ምን ለማወቅ ፈልጎ ነው ብለን አልጠየቅንም። ሌሎች ስላላቸው እኛም እንዲኖረን ፈለግን፤ ከዚህ የተሻለ ምክንያት አልነበረንም።

ስለዚህ ሁለተኛ ጊዜ ጥያቄው ሲነሣ ሌላ መንገድ ያዝን። እታለም ዱቤ የምትመዘግብበት ሰማያዊ ደብተር አላት። ከጥቅምት እስከ ኅዳር መጨረሻ ድረስ፣ በደብተሩ የኋላ ገጾች ላይ፣ የሚገዛትን አዲስ ሰው ሁሉ በአጭሩ እንድትጽፍ ለመንኋት፦ ከየት መጣ፣ ማን ነገረው፣ ከመግዛቱ በፊት ምን ጠየቀ። ሥራ የሚበዛባት ሴት ስለሆነች ትሰለቻለች ብዬ ፈርቼ ነበር፤ እርሷ ግን ከጠበቅሁት በላይ ጠንቅቃ ጻፈች። ታኅሣሥ ላይ ማርቆስ ሄጄ ከቡና በኋላ ደብተሩን አብረን አነበብነው።

ከሚገዟት ሰዎች እጅግ የሚበዙት የሠፈር ሰዎች፣ የመንግሥት ሠራተኞችና የዩኒቨርሲቲው መምህራን ናቸው። እነዚህ ሰዎች የመጡት ጎረቤት ነግሯቸው፣ ወይም ሽታው መንገድ ላይ ጠርቷቸው ነው። ከመግዛታቸው በፊት የሚጠይቁት ነገር የለም፤ ከጆንያው ቆንጥረው በእጃቸው መዳፍ ላይ ያያሉ፣ ያሸታሉ፣ ይገዛሉ። ሁለተኞቹ ከማርቆስ 300 ኪሎ ሜትር ርቀው አዲስ አበባ የሚኖሩ የእነዚሁ ሰዎች ዘመዶች ናቸው፤ እነርሱም በስልክ ያዝዛሉ፣ በቴሌብር ወይም በባንክ ይከፍላሉ፣ ዕቃው በአውቶቡስ ይሄድላቸዋል። ለእነዚህ ሁለት ወገኖች ድረ ገጽ ምንም አይጨምርላቸውም። እምነቱ ቀድሞ አለ፤ በሰው በኩል ደርሷቸዋል።

ሦስተኞቹ ግን ሌሎች ናቸው። በቍጥር ጥቂት ሲሆኑ የሚገዙት በአሥር ኪሎ ነው፤ የሚኖሩት ዋሽንግተን፣ ቶሮንቶ፣ ስቶክሆልም ነው፤ እታለምንም ሆነ የእታለምን ጎረቤት አያውቁም። የወዳጅ ወዳጅ ቁጥሯን ሰጥቷቸው ነው የሚደውሉት። እነርሱ ደግሞ ይጠይቃሉ፣ ሊጠይቁም ይገባል፤ በርበሬ ውስጥ ባዕድ ነገር እየተቀላቀለ ስለመሸጡ ያልሰማ ሰው የለም። ጨው አለው ወይ? በሶብላው ስንት ነው? ዛላው ታጥቧል ወይስ እንዲሁ ተፈጭቷል? ድርቆሹ ንጹሕ ጤፍ ነው? አንድ ኪሎ ስንት ነው? በማን ይላካል? ደብተሩ ላይ እነዚሁ ስድስት ሰባት ጥያቄዎች ቅደም ተከተላቸውን እየቀያየሩ ተመላልሰዋል። ዋሽንግተን ከእኛ በሰባት ወይም በስምንት ሰዓት ወደ ኋላ ስለሆነ፣ እዚያ ሰው ከሥራ ገብቶ ስለ ምግብ የሚያስብበት ጊዜ እኛ ዘንድ እኩለ ሌሊት ያለፈበት ነው። እታለም ከእንቅልፏ እየተነሣች ለእያንዳንዱ ሰው በድምፅ መልእክት ያንኑ መልስ ትደግም ነበር፤ ሳትሰማ ያደረችባቸው ቀናት ደግሞ ደንበኛው ጠዋት ሌላ ጋ ገዝቶ ይጠብቃታል።

ነገሩ የገባኝ ያን ጊዜ ነው። በቀድሞው ዘመን ንጉሥ ራሱ ሊገኝ በማይችልበት ቦታ እንደራሴ ይሾም ነበር፤ ቃሉ ራሱ «እንደ እኔ ሆኖ የሚቆም» ማለት ነው። ለአንዲት ትንሽ ንግድ ድረ ገጽ የሚኖረው ትርጉም ከዚህ አይበልጥም፣ አያንስምም፦ ባለቤቷ በሌለችበት፣ በተኛችበት ወይም ልትመልስ በማትችልበት ሰዓት፣ ለማያውቃት ሰው በእርሷ ቃል የሚመልስ ጽሑፍ ነው። ስለዚህ ጥያቄው «ንግዴ ድረ ገጽ ያስፈልገዋል ወይ?» ሳይሆን «እኔ ሳልኖር ሊመለስለት የሚገባ የማላውቀው ሰው አለ ወይ?» ነው። እንዲህ ያለ ሰው ከሌለ እንደራሴ መሾም ትርፉ ድካም ነው።

ለምሳሌ መናኸሪያ አካባቢ ምግብ ቤት ያላቸው አንድ አባት ልጃቸው ድረ ገጽ እናሠራ እያለ ሲያስቸግራቸው ወደ እኔ መጥተው ነበር። «ጋሼ፣ የሚበላው ሰው ማን ነው?» ብዬ ብጠይቃቸው «መንገደኛ ነዋ ልጄ፤ ከአውቶቡስ ወርዶ የራበው» አሉኝ። የራበው መንገደኛ ድረ ገጽ አይከፍትም፤ ጭስና ወንበር ያያል፣ ቢበዛ ስልኩ ላይ ካርታ ይከፍታል። ስለዚህ በጉግል ካርታ ላይ ቤታቸውን በትክክለኛው ቦታ አስቀመጥንላቸው፤ የሚከፍቱበትንና የሚዘጉበትን ሰዓት፣ የጾም ምግብ መኖሩን፣ ስልካቸውንና ሦስት ፎቶ ጨመርንበት። አገልግሎቱ ነፃ ነው፤ ሥራው አንድ ከሰዓት በኋላ ወሰደ። ለወፍጮ ቤት፣ ለፀጉር አስተካካይ፣ ለጠላ ቤትም ከዚህ በላይ የምመክረው የለኝም።

ባሕር ዳር የእንግዳ ማረፊያ ላላት ጓደኛዬ ግን ተቃራኒውን መከርኋት። የእርሷ እንግዳ ጢስ ዓባይንና የዘጌን ገዳማት ለማየት ከወራት በፊት ከሩቅ አገር ሆኖ የሚያቅድ፣ እርሷን ፈጽሞ የማያውቅ ሰው ነው፤ ያለ ድረ ገጽ የምታገኘው በኢንተርኔት ክፍል በሚያስይዙ ድርጅቶች በኩል ብቻ ሲሆን፣ እነርሱም ከክፍሉ ዋጋ ብዙውን ጊዜ 15 በመቶ አካባቢ ይወስዳሉ። አንድ ጊዜ ያደረ እንግዳ ሁለተኛ ሲመጣ በቀጥታ የሚያገኛት የራሷ ገጽ ቢኖራት ያ ገንዘብ እጇ ላይ ይቀራል።

ወደ እታለም ልመለስ። «ቴሌግራም እያለልን ሌላ ምን እንፈልጋለን?» የሚለው ሐሳብ ብርቱ ነበር፤ እኔም ለረዥም ጊዜ ደግፌዋለሁ። የመጀመሪያው ድረ ገጽ ከጠፋብን በኋላ የከፈትንላት የቴሌግራም ቻናል ክፍያ የለውም፣ ለአጠቃቀም ቀላል ነው፣ ደንበኛውም ያለው እዚያው ነው። ጎጃም ውስጥ ላሉ አብዛኞቹ ትናንሽ ንግዶች እርሱ ይበቃል ብዬ አሁንም አምናለሁ። እምነቴን ያናጉት በተከታታይ የደረሱ ነገሮች ናቸው። መስከረም 24 ቀን 2014 ዓ.ም. ፌስቡክ፣ ኢንስታግራምና ዋትስአፕ በመላው ዓለም ለስድስት ሰዓት ያህል ጠፍተው ዋሉ፤ ያንን እንደ ቀላል ነገር አለፍሁት። ከየካቲት 2015 ዓ.ም. ጀምሮ ግን በአገራችን ቴሌግራም፣ ፌስቡክ፣ ቲክቶክና ዩቲዩብ ለአምስት ወራት ያህል ተገድበው ቆዩ፤ ገደቡን የሚያሳልፈውን ቪፒኤን የተባለ ፕሮግራም መጠቀም የማያውቀው የእታለም ደንበኛ ቻናሏን ማየት አልቻለም፤ ተራ ድረ ገጾች ግን በዚያው ጊዜ ይከፈቱ ነበር። ገደቡ በተነሣ በሳምንታት ውስጥ፣ በሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ፣ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ተቋረጠ፤ መቋረጡም ወራትን አስቈጠረ።

በእነዚያ ወራት ማርቆስ ላይ የነበረው ጭንቀት ከበርበሬ ንግድ እጅግ የሚበልጥ ስለነበር፣ ስለ ንግድ ብቻ ማውራት ይከብደኛል። ነገር ግን ከንግዱም አንጻር ያየነው ነገር አለ። የእታለም ቻናል ውጭ አገር ላለ ሰው ይታይ ነበር፤ እርሷ ግን ልትከፍተው አልቻለችም። ሰዎች ጻፉላት፣ መልስ አጡ፣ ቤቱ ተዘግቷል ብለው ተዉት። ስልክ በሚሠራባቸው ቀናት ቢደውሉ ግን ታነሣ ነበር። እውነቱን ለመናገር፣ ያን ጊዜ የጎደለን ድረ ገጽ ራሱ አልነበረም፤ «ኢንተርኔት ስለሌለን በዚህ ቁጥር ደውሉልን፤ ዋጋው ይህ ነው፤ ዕቃውን አዲስ አበባ የሚያቀብላችሁ ሰው ይህ ነው» የሚል፣ አስቀድሞ የተጻፈና ማንም የማያወርደው ቃል ነበር። ቻናሉ ላይም ከላይ ሰክቶ ማስቀመጥ ይቻል ነበር፤ አላሰብነውም። የራሷ ገጽ ቢኖራት ግን እኔ በባሕር ዳር መሥሪያ ቤቴ ባለው የመስመር ኢንተርኔት በእርሷ ፈንታ ልጽፍላት እችል ነበር፤ የቻናሏ ቁልፍ ያለው በእርሷ ስልክ ላይ ብቻ ስለሆነ ያንን ማድረግ አልቻልሁም።

ሌላም ነገር ነበር። ጉግል ለትናንሽ ንግዶች በነፃ ይሰጥ የነበረውን የአንድ ገጽ ድረ ገጽ እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2024 ዘጋው፤ ለአንድ የማውቀው ማር ነጋዴ የሠራሁለት ገጽም አብሮ ጠፋ። የጎጃም ሰው በሰው መሬት ላይ ማረስና በርስት ላይ ማረስ ያላቸውን ልዩነት ለመረዳት አስረጅ አያሻውም። በ1960 ዓ.ም. የእርሻ ገቢ ግብር በታወጀ ጊዜ ጎጃም ውስጥ የተነሣው አመፅ መነሻው ግብሩ ብቻ አልነበረም፤ የመሬት ልኬታው ርስታችንን ይነጥቀናል የሚለው ስጋትም ነበር። ቻናልም ሆነ የፌስቡክ ገጽ የጭሰኛ ማሳ ነው፤ ምርቱ መልካም ሊሆን ይችላል፣ ባለቤቱ ተነሣ ያለ ዕለት ግን መነሣት ነው። በስም የተመዘገበ አድራሻ ወደ ርስት ይቀርባል። ይቀርባል የምለው በየዓመቱ ግብሩ ካልተከፈለ እርሱም እንደሚወሰድ በራሳችን ስላየነው ነው።

የግብሩ ነገር ቀላል አይደለም። በ«ዶት ኮም» የሚያልቅ አድራሻ በዓመት ከ10 እስከ 20 ዶላር ገደማ ያስወጣል፤ ገጹ የሚቀመጥበት ሆስቲንግ ደግሞ ለብቻው ይከፈላል። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሬ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ፣ 57 ብር አካባቢ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር በላይ ስለሆነ፣ በዶላር የሚከፈል ነገር ሁሉ በብር እጥፍ ሊሆን ተቃረበ። ከዋጋው ይልቅ ግን የሚያስቸግረው አከፋፈሉ ነው፤ አንድ ተራ ነጋዴ ውጭ አገር የሚከፍልበት ካርድ ስለማይኖረው ውጭ ያለ ዘመድ ወይም አገር ውስጥ ያለ አከናዋኝ ይከፍልለታል፤ አድራሻው በሌላ ሰው ስም የሚገባውም በዚህ በር ነው። የአገራችንን መለያ «ዶት ኢቲ»ን የሚያስተዳድረው ኢትዮ ቴሌኮም ስለሆነ በእርሱ በኩል ማስመዝገብ አንዱ አማራጭ ነው። እኛ የአክስታችን ልጅ እንዲከፍልልን አደረግን፤ ነገር ግን የባለቤትነቱን ስም፣ ኢሜይልና ስልክ የእታለም አድርገን፣ የይለፍ ቃሉን በወረቀት ጽፋ ከንግድ ፈቃዷ ጋር አስቀመጠችው።

አዲሱን ገጽ የሠራነው በ2017 ዓ.ም. ነው። አንድ ገጽ ብቻ ነው። ጽሑፉን እኔ አልጻፍሁትም፤ እታለም ስትናገር ቀድቼ፣ ድግግሞሹን ብቻ አውጥቼ አሰፈርሁት። የደብተሩ ጥያቄዎች ከነመልሳቸው በደንበኛው ቋንቋ ተቀምጠዋል፦ ቅመሙ በስሙ፣ የጨው አለመኖር፣ ዛላው ከየት እንደሚመጣ፣ የኪሎው ዋጋ ከተጻፈበት ቀን ጋር፣ የሁለት ሰው ስልክ ቁጥር። ቋንጣ ለምን ወደ ውጭ እንደማትልክም ጽፋለች፤ ሥጋ ነክ ምግብ በሻንጣ ወደ አውሮፓ ኅብረት አገሮች ማስገባት ክልክል ስለሆነ ደንበኛዋ ጉምሩክ ላይ እንዲያፍርባት አትፈልግም። ይህ ዐረፍተ ነገር ከየትኛውም «እሴታችን» በላይ ማንነቷን ይናገራል ብዬ አምናለሁ። ፎቶዎቹ የራሷ ግቢ፣ የራሷ ቄጠማ ሰፌድ፣ የሴቶቹ እጅ ናቸው፤ በደካማ ኔትወርክ እንዲከፈቱ እጅግ አሳንሻቸዋለሁ።

ጊዜ የወሰደብኝ የፊደል ጉዳይ ነበር። የግእዝ ፊደል እ.ኤ.አ. በ1999 ዩኒኮድ በተባለው ዓለም አቀፍ የኮምፒውተር ፊደላት ሥርዓት ውስጥ ስለገባ ዛሬ አማርኛ በአብዛኛው ስልክ ይነበባል፤ ችግሩ አንዱ «ጸሐይ» የሚለውን ሌላው «ፀሀይ» ብሎ መፈለጉ ነው። በላቲን ፊደል ሲጻፍ ደግሞ «ባልትና»ን መካከሉን አንዱ በ«i»፣ ሌላው በ«e»፣ ሌላው ያለ አናባቢ ይጽፈዋል። ስለዚህ ለአድራሻው ስም ስንመርጥ ለአምስት ዘመዶች በስልክ ነግረን እንዲጽፉት ጠየቅናቸው፤ አምስቱም አንድ ዓይነት የጻፉትን ስም ወሰድን። በገጹ ላይ የሚሸጥበት ቅርጫት፣ በካርድ የሚከፈልበት ቦታ፣ የሚሞላ ቅጽ አላደረግንም። የጀርመኗን ሴት መልእክት ካነበብሁ በኋላ፣ መልስ የማይሰጥበትን ሣጥን በማንም ደጅ ላይ ማስቀመጥ አልፈልግም።

ሽያጩ በድረ ገጹ ምክንያት እጥፍ ሆነ ብል ውሸት ይሆናል። የሠፈሩ ሰው እንደ ቀድሞው ቆንጥሮ አሽትቶ ይገዛል፤ ገጹ መኖሩንም አብዛኛው አያውቅም። የተለወጠው የሌሊቱ ነገር ነው። አሁን የሚደውሉላት የሩቅ ሰዎች ጥያቄያቸውን ጨርሰው «ይህን ያህል ኪሎ፣ ለዚህ በዓል» ብለው ነው የሚጀምሩት፤ እርሷም ስልኳን ድምፅ አጥፍታ ትተኛለች። የበርበሬ ዋጋ በተለወጠ ቁጥር ትደውልልኝና በገጹ ላይ ያለውን ቁጥር ከነቀኑ አስተካክላለሁ፤ የቆየ ዋጋ ለማያውቃት ሰው የተሰጠ የተሳሳተ ቃል ነው ብላ ስለምታምን አንድ ቀን እንኳ እንዲያድር አትፈቅድም።

በቀደም ማርቆስ ሄጄ ሰማያዊውን ደብተር ሳገላብጥ፣ የንግድ ግብሯን የምትከፍልበትን የሐምሌ ወር በጻፈችበት መስመር ሥር በራሷ እጅ «የዌብሳይቱ ግብር፣ ሰኔ 20» የሚል አገኘሁ። አድራሻው የሚታደሰው ሐምሌ አጋማሽ ላይ ነው። ቀኑን ለምን እንዳስቀደመችው ስጠይቃት «ኔትወርክ ቢጠፋስ?» አለችኝ።